ሥልሳ ልጅ በአንድ አፍ

የመምህሩ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከሰሜን ሸዋ ነው። የጠያቂዎቹ ሁኔታ ቢለያይም ሁሉም የሚያነሡት የአንደኛ ደረጃ ልጆችን የእንግሊዝኛ ማዳመጥና መናገር ነው። የሒሳብና የንባብ ጥያቄ የላካችሁ ታገሡኝ፤ ቦታውን ሁሉ ለእነዚህ ሰጥቻለሁ። ሰላምታውንና ምርቃቱን ቆርጬ ጥያቄውን ብቻ አስቀርቻለሁ። ምርቃቱን ግን ተቀብያለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጋሼ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። በክፍሌ 62 ልጆች አሉ። እኔ ያልኩትን በአንድ ድምፅ ሲደግሙ ጣሪያውን ያነቃንቁታል። አንዱን አስነሥቼ "ዋት ኢዝ ዩር ኔም?" ስለው ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ እሱም መልሶ "ዋት ኢዝ ዩር ኔም" ይለኛል። ቴፕ የለን፣ ሬዲዮ የለን፣ መብራትም የለን። ማዳመጥና መናገርን በምን ላስተምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ያ ልጅ ጥያቄሽን መልሶ ሲጠይቅሽ ትእዛዝ መፈጸሙ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአፍሽ የወጣውን ሁሉ እንዲደግም ተነግሮታል፤ ይኸው ደገመ። የሰማው ነገር ጥያቄ እንደሆነ፣ ጥያቄውም ከእሱ ከራሱ መልስ እንደሚጠብቅ ያሳየው የለም።

ስለ ጩኸቱ እንጀምር። ነገ ጧት ሲደግሙልሽ ድምፃቸውን ተዪና አፍ አፋቸውን ተመልከቺ። ስድስት ሰባት ልጆች ይመራሉ፤ የቀሩት የቃሉን ጭራ ይዘው ይከተላሉ። መሐል ሜዳ ላይ፣ ያውም በኅዳር ውርጭ፣ ግማሾቹ አፋቸውን በጋቢ ጠቅልለው ስለሚቀመጡ ይናገሩ አይናገሩ እንኳ አይታወቅም። ጣሪያውን የሚያነቃንቀው የጥቂት ልጆች እንግሊዝኛና የብዙ ልጆች ጉሮሮ ነው።

በኅብረት መድገም ይቅር አልልም። አዲስ ቃል ሲገባ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሮ ማለት ዓይን አፋሩን ልጅ ይሸፍነዋል፤ ምላሱንም ያፍታታለታል። ቄስ ትምህርት ቤት ውለው የመጡት ልጆችሽ ደግሞ ያውቁበታል። ነገር ግን የኔታ ልጆቹን በኅብረት ብቻ አስጩኸው አያሰናብቱም። እያንዳንዱን ጠርተው ብቻውን ያስነብቡታል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ በሌለበት ጸሎቱን ከአፋቸው ወደ ጆሮው ያደርሱለታል፤ የቃል ትምህርት የምንለው ይኸው ነው። መብራት የለንም ብለሽ ስትጽፊልኝ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በጨለማ፣ በጆሮ ብቻ መማር ለአገራችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ለተወሰኑ ሳምንታት ልጆቹን ተናገሩ ብለሽ አታስገድጂያቸው። ሰምተው እንዲያደርጉ ብቻ ጠይቂያቸው። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ መምህሩ በአዲሱ ቋንቋ ያዛል፣ ተማሪው በአካሉ ይመልሳል። የሕፃንን አፍ አፈታት ተመልክቶ የተነሣ ሐሳብ ነው፤ ሕፃን "ና"፣ "አምጣ"፣ "ተው" ሲባል ብዙ ወራት ሰምቶ፣ ሰምቶም ታዝዞ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው።

በተግባር እንዲህ አድርጊው። እያንዳንዱ ልጅ አምስት ፍሬ ባቄላ ይዞ ይምጣ። በእንግሊዝኛ "ሁለት ባቄላ ደብተራችሁ ላይ አድርጉ" በያቸው፤ "አንዱን ከደብተሩ ሥር ደብቁ"፣ "አንዱን አጠገባችሁ ላለው ስጡ" በያቸው። በመጀመሪያው ቀን አንቺም አብረሽ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ግን እጅሽን ወደ ኋላ አጣምሪ። ብዙ መምህራን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። "ቁጭ በሉ" ሲሉ እጃቸው ወደ ታች ይወርዳል፤ "በሩን ክፈቱ" ሲሉ ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። ልጁ እጅና ዓይን አይቶ ይታዘዛል፤ እንግሊዝኛውን አልሰማውም። እጅሽ ታስሮ፣ ፊትሽ ምንም ሳይናገር ባቄላው ትክክለኛው ቦታ ላይ ከተገኘ ያኔ ሰምተዋል። (ባቄላው ጥሬ ይሁን። የተቆላ ከሆነ ከትምህርቱ በፊት ያልቃል።)

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። በአማርኛ "እንቆቅልህ" ብለሽ ክፈቺ፤ "ምን አውቅልህ" ይላሉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጥዪ፦ አራት እግር አለኝ፤ ሣር እበላለሁ፤ ከፀጉሬ በርኖስ ይሠራሉ። መንዝ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። እንግሊዝኛው ከጠፋው "በግ" ይበልሽና ተቀበዪው፤ መስማቱን አረጋግጠሻል፤ ቃሉን የምትሰጪው ያኔ ሲፈልገው ነው። ካልመለሱልሽ ደግሞ "አገር ስጡኝ" አለ አይደል? አገሩን በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ካልሰጡሽ እንዳትቀበዪ። "አይ ጊቭ ዩ ሞላሌ" ይበሉ። ሞላሌ አትበቃኝም ብትያቸው ደብረ ብርሃንን ይጨምሩልሻል፤ ደብረ ብርሃን ይበርዳል ብትያቸው ሸዋ ሮቢትን። ሲከራከሩሽ መናገር እንደጀመሩ እንኳ ልብ አይሉትም።

ወደ መናገሩ ስንመጣ አንድ ሒሳብ ልሥራልሽ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 2,400 ሴኮንድ ነው። አንቺ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ለ62 ልጆች ብታካፍዪው ለአንዱ 40 ሴኮንድ አይሞላውም። ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ለ10 ደቂቃ ብታነጋግሪያቸው ግን እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ያህል የመናገሪያ ጊዜ ያገኛል። በብዙ ተማሪ ክፍል ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ነገር ግን የሚነጋገሩበት ምክንያት ስጪያቸው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት የተቀመጠውን ጓደኛውን "ስምህ ማነው?" ብሎ እንዲጠይቅ የታዘዘ ልጅ ሥራው ሞኝነት ይመስለዋል፤ እውነቱን ነው። ሰው የሚጠይቀው የማያውቀውን ነው። ጀርባ ለጀርባ አስቀምጫቸው። አንዱ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍ፣ ሁለት በግ ይሣልና ሥዕሉን ሳያሳይ በእንግሊዝኛ ይንገረው፤ ሌላው የሰማውን ይሣል። በጉ ከጎጆው በስተግራ ነው በስተቀኝ? ካልተጠየቀ አይታወቅም። ሲጨርሱ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገው ሲስቁ ትሰሚያለሽ። ያ ሣቅ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ይንጫጫሉ። ጎረቤት ያለው መምህር በጭቃው ግድግዳ ላይ ያንኳኳል፤ ርዕሰ መምህሩም በር ላይ ብቅ ይላሉ። አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ጫጫታ ሲሰሙ ሥራ ላይ እንደሆንሽ ይወቁ። ረፈድ ሲል ደግሞ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥተሽ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይነጋገሩ። ጋቢውም ከአፋቸው ይወርዳል።

አንዱን ልጅ ለብቻው ስትጠይቂው ደግሞ ጠብቂው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ አሳይታለች። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መመለስ ጀመሩ። ያ በሳይንስ ትምህርት፣ በለመዱት ቋንቋ ነው። የአንቺ ተማሪ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ወደ አማርኛ መልሶ፣ መልሱን አስቦ፣ እንግሊዝኛውን ፈልጎ ነው የሚናገረው። አምስት ሴኮንድ በልብሽ ቁጠሪለት። የዝምታው ጊዜ ለአንቺ ይረዝማል፤ ለእሱ አይበዛበትም።

ሲሳሳት መሐል ላይ አታቋርጪው። "ሺ ጎ ማርኬት" ካለሽ "አዎ፣ ወደ ገበያ ትሄዳለች" የሚለውን በትክክለኛው እንግሊዝኛ መልሰሽ በይለትና እለፊ። ጓደኞቹ የሚስቁበት ከሆነ ግን ያንን ሣቅ በመጀመሪያው ቀን አስቁሚው። አንድ ጊዜ ተስቆበት የተቀመጠ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ላይነሣ ይችላል።

ስለ ቴፑ፦ የመምህሩ መምሪያ ካለሽ የማዳመጫ ምንባቦች አሉበት፤ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። ከሌለሽ ስድስት ዐረፍተ ነገር ራስሽ ጻፊ፤ ስለ ቅዳሜ ገበያ ወይም ጅብ ስላባረራት አህያ። ከማንበብሽ በፊት አንድ ጥያቄ ስጪያቸው፤ "አህያዋ የት ገባች?" የሚል ይበቃል። አንድ ጊዜ ለዚያ ጥያቄ ብቻ ያዳምጡ። ሁለተኛውን ለዝርዝሩ፣ ሦስተኛውን ለማረጋገጥ። ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተነሥተሽ መካከል ቁሚ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆራረጥሽ አታንብቢ፤ ቃል በቃል ተቆርጦ የተመገበ ጆሮ ሰው በተፈጥሮ ሲናገር ምንም አይለይም። ቀስ በዪ፣ ዐረፍተ ነገሩን ግን አትበጥሺው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከእነዋሪ ነው የምጽፈው። ገበሬ ነኝ፤ ጤፍና ምስር አመርታለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አስቀምጬ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ላስገባት ወይስ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ስጋትዎ ይገባኛል። ቢሆንም የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ እንድትሄድ አልመክርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛውን አጥርታ የምታነብ፣ ያነበበችውንም መልሳ መናገር የምትችል ልጅ ለሌላው ቋንቋም መንገዱ ይቀናታል።

እርስዎ እንግሊዝኛ አለመቻልዎ ይጠቅማታል ብልዎት ይገርምዎት ይሆናል። ማታ እሳት ዳር "ዛሬ ምን ሰማሽ? አስተምሪኝ" ይበሏት። በሬው፣ ሞፈሩ፣ ምስሩ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ትንገርዎት፤ እርስዎም ተሳስተው ይድገሙላት። ታርምዎታለች። አባቷን የምታርም ልጅ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ክፍል ውስጥ የሚጎድለውም ድምፅ ነው። የማታውቀው ካጋጠማት በማግሥቱ መምህሯን ትጠይቅ። ይህን ሁሉ ደብተሯን ሳይከፍቱ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ አስተምራለሁ። ንግግሬ የፈረንጅ አይመስልም። የእኔ ስሕተት በልጆቹ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር እፈራለሁ። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አበዛለሁ፤ አነባበቡንም ከሥሩ በአማርኛ ፊደል እጽፍላቸዋለሁ።

መልስ፦ የሙያ ልጄ፣ ፈረንጅ መምሰል የአንተ ሥራ አይደለም። እንግሊዝኛን ከሚናገረው የዓለም ሕዝብ የሚበዛው እንደ አንተ በትምህርት ያገኘው ነው። መምህሩ ስለፈራ የማይናገርበት ክፍል ከየትኛውም የአነጋገር ጉድለት የከፋ ነው።

በአማርኛ ፊደል መጻፉን ግን ተው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ እንግሊዝኛ እንደ አነጋገሩ ወደ ሃያ የሚጠጉ የአናባቢ ድምፆች አሉት። በጉንም መርከቡንም "ሺፕ" ብለህ ትጽፋለህ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር መሆኑ ፊደሉ ላይ ይጠፋል። ልጁ ፊደሉን ያምናል፣ ጆሮውን ይተዋል። ሁለቱን ቃላት ተናገርና ረጅሙን ሲሰሙ እጃቸውን ይዘርጉ፣ አጭሩን ሲሰሙ ይጨብጡ። ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ጨዋታ ነው፤ በየቀኑ በሌላ ጥንድ ቃል ይቀጥላል።

"ስቱደንት" ስትል መጀመሪያው ላይ ትንሽ ድምፅ መጨመርህ አያሳስብህ፤ አማርኛ ሁለት ተነባቢ አጣምሮ ቃል ስለማይጀምር ነው፤ ሰሚው ይረዳሃል። ከዚህ ይልቅ ክብደቱ ላይ ሥራ። አማርኛ ስንናገር ቀለሞቹን፣ ማለትም ቃሉ የሚከፈልባቸውን ድምፆች፣ ሁሉ ተቀራራቢ ክብደት እንሰጣቸዋለን። እንግሊዝኛ አንዱን ቀለም ያከብዳል፣ የቀሩትን ያሳሳል። "ፎቶግራፍ" ሲሉ ክብደቱ መጀመሪያው ላይ ነው፤ "ፎቶግራፈር" ሲሉ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። ልጆችህ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለባቸውም። የግዕዝ ንባብ የተማረ ልጅ ካለህ ተነሥቶ ተነሽና ወዳቂ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች አንብቦ ያሰማ፤ ቃልን በተሳሳተ ቦታ ቢጥል የኔታ ምን እንደሚሉትም ይንገራቸው። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ስጣቸውና የከበደው ቀለም ላይ እግራቸውን ይምቱ።

ለአንተ አካባቢ የሚስማማ አንድ ልምምድ ልጨምር፦ 13ና 30፣ 14ና 40፣ 15ና 50። በእንግሊዝኛ እነዚህን የማያደባልቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ልዩነቱም ያው ክብደቱ ላይ ነው። የገበያ ጨዋታ አድርገው። አንዱ የሽንኩርትና የማሾ ዋጋ በእንግሊዝኛ ይጥራ፣ ሌሎቹ ቁጥሩን በደብተራቸው ይጻፉ። 13 ብር ያለውን 30 ብሎ የጻፈ ገዢ የከሰረውን ራሱ ያሰላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንኮበር መንገድ ዳር ሻይ ቤት አለኝ። ጭላዳና ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ሲያልፉ ልጆቻችን "ዩ! ዩ! ማኒ!" እያሉ ይከተሏቸዋል። ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ናቸው። የተማሩት ይኸው ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መልእክተኞች በ1841 (እ.ኤ.አ.) የተቀበሉባት ከተማ ናት፤ እንግዳ አያያዝ የሚነገራት አይደለችም። ልጆቹ ሰላምታውን ያውቁታል፤ ዐረፍተ ነገሩ ደብተራቸው ውስጥ አለ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን መንገድ ላይ የለመዱት ነው፤ ክፍል ውስጥ ቆመው እንግዳ ተቀብለው አያውቁምና። ይህን ጽሑፍ ለመምህራቸው ያሳዩልኝ፦ አንድ ተማሪ ቦርሳ አንግቶ እንግዳ ይሁን፤ ሌላው ሰላም ይበለው፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቀው፣ ከገበያው ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የሚወስደውን መንገድ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀጥታ እያለ ያመልክተው። እንግዳው የተነገረውን በሰሌዳው ካርታ ላይ በጣቱ ይከተል። ከተሳሳተ ወይ ነጋሪው ወይ ሰሚው ጎድሏል፤ ክፍሉ ይፍረድ። እርስዎም ሻይ ቤት የሚገባ ልጅ ሻዩን በእንግሊዝኛ ካላዘዘ አልቀዳም ይበሉ።

ጥያቄ፦ ደነባ አካባቢ ርዕሰ መምህር ነኝ። መምህራኖቼ ማዳመጥና መናገርን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ፤ ምክንያታቸውም የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በወረቀት የሚሰጥ ምርጫ መሆኑ ነው። ለ60 ልጅ የንግግር ውጤት መስጠትስ እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ ስለ ፈተናው መምህራኑ የሚሉት ሐሰት አይደለም። የማይፈተን ነገር ክፍል ውስጥ ቦታ ያጣል፤ እኔም በሱፐርቫይዘርነት ስዞር ይህን በየትምህርት ቤቱ አይቻለሁ። ነገር ግን ተከታታይ ምዘናው በእናንተ እጅ ነው። ከእርሱ ላይ ለንግግርና ለማዳመጥ የተወሰነ ነጥብ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡ የሚከለክላችሁ ያለ አይመስለኝም።

60 ልጅ በአንድ ቀን አይመዘንም። መምህሩ የስም ዝርዝሩን ይያዝ፤ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲነጋገሩ በየቀኑ አምስቱን ብቻ ይስማ፤ ሌሎቹ ማን እንደሚሰማ አይወቁ። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ካለ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ጥያቄውን ሰምቷል? በራሱ ቃል መልሷል? ጓደኛው ተረድቶታል? ሰዋስው እዚህ ውስጥ አይግባ፤ ለእርሱ ወረቀቱ አለለት። ለማዳመጡ ደግሞ መምህሩ እያነበበ ልጆቹ የሚሥሉት ሥዕል ወይም የሚጽፉት ቁጥር ይታረማል፤ 60 ሥዕል ማረም 60 ድርሰት ከማረም ይቀላል። ምልክቱን በእርሳስ ያድርጉት። በጥቅምት ዝም ያለ ልጅ በየካቲት ሲናገር መምህሩ የሚሰርዘው ነገር ይኖራል።